ሦስት የምርምር ጥያቄ አምጡ ተብለናል፤ የቱን እናስቀድም?

የጣና ዳሯ አዋላጅ

ጤና ይስጥልኝ። በጤና አገልግሎት ምርምር ውስጥ ያለፋችሁ ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የምሠራው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። አዋላጅ ነኝ። የጥራት ማሻሻያ ሥራውንም ደርቤ ይዣለሁ። ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ ደረሰን። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ መጠናት አለባቸው የሚላቸውን ሦስት ጥያቄዎች ለይቶ እንዲያቀርብ ይላል። ከየቦታው የተሰበሰበው ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ቀርቦ ውይይት ይደረግበታል። የተመረጡትን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይዘው ይሠራሉ። ትንሽ በጀትም ተይዟል ተብሏል።

በጣም ነው ደስ ያለኝ። እስከ ዛሬ ጥናት ወደ እኛ የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ተማሪው መጠይቁን አትሞ ይመጣል። እናቶችን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ይጠይቃል፣ መዝገብ ያገላብጣል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ምን እንዳገኘ ተመልሶ የነገረን የለም። "ምን ይጠና?" ተብለን ስንጠየቅ ይህ የመጀመሪያችን ነው። ይህን ዕድል እንዲሁ በዘፈቀደ ማባከን አልፈልግም።

ሠራተኛውን ሰብስቤ ሐሳብ አምጡ አልኩ። ሐሳብ አልጠፋም። ፍሊፕቻርቱ ሞልቶ ሌላ ወረቀት ለጠፍን።

ፋርማሲ ያለው ልጅ ያነሣው የጤና መድኑን ነገር ነው። ሰው መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ይመረመራል። ከዚያ መድኃኒቱ የለም ይባልና በር ላይ ካለው የግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል። "በሚቀጥለው ዓመት ለምን ያድሳል?" አለ። ካርድ ክፍል ያለችው ደግሞ የጠዋቱን ሰልፍ አነሣች። አንድ ማህደር ለማግኘት መደርደሪያው ሁሉ ይገለበጣል። ካልተገኘ አዲስ ካርድ ይወጣል። ያለፈው ታሪክ አብሮ ይቀራል፤ ሐኪሙ ከዜሮ ይጀምራል። ላብራቶሪው ቢልሃርዚያ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን የሪፖርት ብዛት አሉ። ኃላፊያችን የሠራተኛ ፍልሰት አለ።

እኔም የራሴ አለኝ። አንደኛው የሪፈር ነገር ነው። ከማዶ ያለች እናት ምጥ ሲጠናባት የምትመጣው በጀልባ ነው። ጣና ጠዋት ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ ይበረታል። ጀልባ ነጂው "ነገ ጠዋት" ካለ ነገ ጠዋት ነው። እኛ ጋ ደርሳ ከአቅማችን በላይ ከሆነች ደግሞ ወደ ሆስፒታል እንልካታለን። ወረቀቱን እጽፋለሁ፣ አምቡላንስ ውስጥ አስተኛታለሁ፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነች የማውቀው ቤተሰቧን ገበያ ላይ ካገኘሁ ነው። ከወረቀቱ ግርጌ ለግብረ መልስ የተተወ ቦታ አለ። ተሞልቶ ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው፣ ከሩቅ ያሉ እናቶች መውለጃቸው ሲቃረብ ገብተው የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ ክፍላችን ነው። አልጋ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ኅብረተሰቡ ያዋጣው እህል አለ፣ ገንፎ ይገነፋል። ክፍሉ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ሦስተኛው ኦክሲቶሲን ነው። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የምንወጋው ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራቱን ግን ታውቁታላችሁ። አምፑሉን ሰብሬ ስቀዳ "ይሠራ ይሆን?" የሚለው ነገር ከልቤ አይወጣም።

ክርክሩ የመጣው እንምረጥ ስንል ነው። አንዱ ብዙ ሰው የሚገድለው ይቅደም ይላል። ሌላው በቀላሉ የሚጠናው ይሁን ይላል። ድምፁ ጎላ ያለው ሰው ያነሣው ሐሳብ ሳናውቀው ወደ ላይ ይወጣል። ጽዳት ላይ የምትሠራዋ እናታችን፣ ማቆያው ውስጥ ከእናቶቹ ጋር ከሁላችንም በላይ የምትውለው፣ አንድም ቃል ሳትናገር ስብሰባው አለቀ።

ነገሩ የሚያንገበግበኝ በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ነበሩ። በ2016 ወደ 26 ደረሱ፤ በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት 48 ሆኑ። ብዙ ተሠርቷል። እናቶችን ኑ ብለን ጠርተናቸዋል፣ መጥተዋል። ከመጡ በኋላ የሚያገኙት ነገር ምን ይመስላል የሚለውን ግን በደንብ አልጠየቅንም።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሦስቱን የምንመርጠው በምን መስፈርት ነው? ማን መቀመጥ አለበት? በአንድ ከሰዓት ልንሠራው የምንችለው የታወቀ ዘዴ አለ?

የማስተርስ ተማሪ

ሰላም እህቴ። በግልጽ ልንገርሽ፣ ርዕሱን የምንሠራው እኛ ተማሪዎች ነን። ጊዜያችን አጭር ነው፣ ገንዘባችንም ያው ነው። ፕሮፖዛል ጸድቆ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ወጥቶ፣ መረጃ ለመሰብሰብ የሚቀረን ጥቂት ሳምንት ነው። ስለዚህ መዝገብ ላይ መረጃ ያለውን ምረጡ። የቅድመ ወሊድ ክትትል ብትሉ መዝገብ አለ፣ የጤና ሪፖርት በኮምፒውተር የሚገባበት ዲኤችአይኤስ ቱ ላይም አለ። ጀልባና ደሴት ውስጥ ከገባችሁ ማንም አይወስደውም። አሁን ባለው የመንገድና የፀጥታ ሁኔታ አማካሪዎቻችንም ራቅ ወዳለ ቦታ አትሂዱ ይሉናል። የሚሠራውን ብታቀርቡ ይሻላል።

ጡረታ የወጣሁ ጤና መኮንን

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጤና ጣቢያ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይላል። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከተማሪው ልጀምር። የሚለው እውነት አለው፤ የማይሠራ ጥናት መርጦ ማቅረብ ጥቅም የለውም። ግን መረጃው ስላለ ብቻ የሚጠና ነገር ለዓመታት ምን እንዳደረገን አይቻለሁ። የቅድመ ወሊድ ክትትል ሽፋንና ተያያዥ ምክንያቶች የሚል ርዕስ በየወረዳው ተጠንቷል። ውጤቱ ያው ነው፦ ያልተማረች፣ ሩቅ የምትኖር፣ ድሃ የሆነች እናት አትመጣም። ይህን ለማወቅ ሌላ መጠይቅ አያስፈልግም። ሊጠና የሚገባው ለዚያች እናት አገልግሎቱን እንዴት እናድርስላት የሚለው ነው።

አሁን ወደ ፍሊፕቻርትሽ እንምጣ። ከመምረጥሽ በፊት ለዪ። ሁሉም ያነሣው ችግር ነው፤ ሁሉም ግን የምርምር ጥያቄ አይደለም።

ኦክሲቶሲኑን ተመልከቺ። ሙቀት እንደሚያበላሸው ይታወቃል። በስንት ዲግሪ እንደሚቀመጥ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከክትባቱ ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ መቀመጥ ይችላል ብለዋል። ታዲያ ምን ይጠናል? የሚያስፈልግሽ ቴርሞሜትርና ጠዋትና ማታ የሚሞላ ሰንጠረዥ ነው፤ እንዲሁም ክትባት ክፍሉን ከያዘው ባልደረባሽ ጋር መስማማት። ይህን ለተማሪ ሰጥተሽ ውጤት ስትጠብቂ ዓመት አታሳልፊ፤ በዚህ ሳምንት አድርጊው።

የካርድ ክፍሉ ሰልፍም እንዲሁ ነው። ራሳችሁ ልትለኩት ትችላላችሁ። ሰውየው በር ሲገባ ሰዓቱን ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት፤ በየክፍሉ ሰዓቱ ይጻፍ፤ ሲወጣ ወረቀቱን ተቀበሉት። ለጥቂት ቀናት ብታደርጉት ሰው የሚከማችበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። የጥራት ማሻሻያ ሥራ ማለት ይኸው ነው። ከምርምር ያነሰ ክብር የለውም፤ ግን ከሦስቱ ቦታ አንዱን መያዝ የለበትም።

ቢልሃርዚያ ግን ወዲህም ወዲያም ነው። ስርጭቱን እንለካ ከሆነ የተባለው፣ በዘጌም በሌላውም የጣና ዳርቻ የትምህርት ቤት ልጆች ሰገራ ስንት ጊዜ ተመርምሯል። መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። ጥያቄውን ወደ አገልግሎቱ ብታዞሪው ግን ሌላ ይሆናል። የቢልሃርዚያው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የሚታደለው በአብዛኛው በትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት የማይገባው ልጅስ? ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚውለው ዓሣ አስጋሪስ? ደንገል የሚያጭደውና ታንኳ የሚሠራው የነገደ ወይጦ ወገናችንስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ በሽታው በሚበዛበት አካባቢ ከ2 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ላለ ሰው ሁሉ መድኃኒቱ እንዲደርስ መክሯል። እኛ ጋ በማን በኩል፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ወደብ ይደርሳል? መልሱ አይታወቅም። ይህ የጤና አገልግሎት ምርምር ነው።

ሁለተኛው ማጣሪያዬ አንድ ጥያቄ ነው፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። "መልሱ ነገ ቢገኝ፣ ማን ምን ይለውጣል?" በየሐሳቡ ትይዩ ኃላፊነቱ ያለበትን ሰው ጻፊ። የወረዳው መድን አስተባባሪ፣ ሪፈር የሚቀበለው የሆስፒታሉ ሊያዞን ክፍል፣ አንቺ፣ ጀልባ ማኅበሩ። ማንም ካልተገኘ ጥያቄው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የሠራተኛ ፍልሰት ከባድ ችግር ነው፤ ነገር ግን ደመወዝና ዝውውር በጤና ጣቢያ ደረጃ አይወሰንም። የመድኑ ጉዳይ ግን ባለቤት አለው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከክልላችን ከገቡት ወረዳዎች ፎገራና ደቡብ አቸፈር ይገኙበታል፤ ሁለቱም ከጣና ሩቅ አይደሉም። ልምዱ በአካባቢያችን ስላለ የሚጠየቅ ሰው አታጪም። ያላደሱትን አባወራዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ ከመድኃኒት መዝገቡ ጋር ማመሳከር፣ ለሚመለከተው ማቅረብ ይቻላል።

ሦስተኛው ማን ይቀመጥ ያልሽው ነው። የጉዳዩ ልብ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ዓለም አቀፍ የጤና ምርምር ኮሚሽን በዓለም ላይ ለጤና ምርምር ከሚወጣው ገንዘብ ለድሆች አገሮች ችግር የሚደርሰው ኢምንት መሆኑን አሳይቶ ነበር። እያንዳንዱ አገር የራሱን ቅድሚያ ራሱ ይወስን፣ ከጤና ወጪውም ቢያንስ 2 በመቶውን ለምርምር ይመድብ ብሎ መክሯል። ያን ጊዜ ሁላችንም አጨበጨብን። ሆኖም "አገሩ ይወስን" ሲባል በተግባር የሚወስነው ባለሙያው ሆነ። ታካሚው የለም።

ባለሙያና ታካሚ የሚፈልጉት ደግሞ ሁልጊዜ አይገጥምም። እንግሊዝ አገር የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ላይ የተሠራ ጥናት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የታተመው። ተመራማሪዎቹ በብዛት ያጠኑት መድኃኒት ነው። ሕመምተኞቹ የፈለጉት ደግሞ ፊዚዮቴራፒ፣ ትምህርት፣ ከሕመሙ ጋር መኖር የሚቻልበትን ዘዴ ነበር። በ2004 እዚያው አገር የተቋቋመው ጄምስ ሊንድ አሊያንስ የሚባለው አሠራር ይህን ለማስተካከል የመጣ ነው። ታካሚ፣ አስታማሚና ሐኪም እኩል ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ያልተመለሰለትን ጥያቄ ይልካል። ከዚያ ቀድሞ የተመለሰው ተጣርቶ ይወጣል። የቀረውን አብረው ተነጋግረው 10 ይመርጣሉ። ተመራማሪው ያግዛል፤ ድምፅ ግን አይሰጥም። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ታካሚ ይሳተፍ ሲባል የቀበሌ ተወካይ ጠርታችሁ አታብቁት። ስብሰባ ላይ ሰው የሚናገረው ሌላ ነው፣ ቤቱ የሚናገረው ሌላ ነው። ሴቶቹ ቡና ላይ ይናገራሉ። ወንዶቹ ማኅበር ሲጠጡ ይናገራሉ። ሂዱባቸው። አገልግሎቱን ትተው የቀሩትን ፈልጉ። ጤና ጣቢያው በር ላይ የምታገኚያት እናት ቢያንስ መምጣት የቻለች ናት።

የጣና ዳሯ አዋላጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኦክሲቶሲኑን ዛሬውኑ ከዝርዝሩ አወጣሁት፤ ክትባት ክፍሉን አነጋግሬያለሁ፣ ቦታ ይሰጡኛል። የካርድ ክፍሉንም ራሳችን እንለካዋለን።

ሪፈሩ ላይ ግን ልጠይቅዎ። ባለቤቱ ብዙ ነው። ቤተሰቡ አለ፣ ጀልባው አለ፣ እኛ አለን፣ አምቡላንሱ አለ፣ ሆስፒታሉ አለ። "ማን ምን ይለውጣል?" ስል አምስት ስም ይወጣል። ሰፊ ስለሆነ ይተው ወይስ መቁረጫ አለው?

ጡረታ የወጣሁ ጤና መኮንን

መቁረጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 ታዲየስና ሜይን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሦስቱ መዘግየቶች ብለው የጻፉትን በትምህርት ቤት ሳትማሪው አልቀረሽም። ለመሄድ መወሰን፣ መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ማግኘት። ሪፈር ብለሽ ሁሉንም አንድ ላይ አትጠይቂ። ካለፈው ዓመት ሪፈሮችሽ ጥቂቶቹን አውጥተሽ ሰዓቱ የት እንደጠፋ ተመልከቺ። የጠፋው ውኃው ላይ ከሆነ ጥያቄሽ ስለ ጀልባ ነው። ሆስፒታል በር ላይ ከሆነ ሌላ ነው። የግብረ መልሱ ወረቀት ደግሞ ለብቻው ይቆማል፤ የሚመለከተው ሁለት ክፍል ብቻ ነው፣ በአጭር ጊዜም ይሞከራል። ስልክ ብትደውሉ፣ በቴሌግራም ብትላላኩ፣ የትኛው ይሠራል? እሱን ለተማሪው ስጪው፤ ጀልባ አያስፈልገውም።

ኤክስቴንሽን ከማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ የማገለግለው ሐይቁ ማዶ ባለ ቀበሌ ነው። ስለ ማቆያው ክፍል ሲወራ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባዶ የሚሆነው እናቶች ስለማያውቁት አይደለም። እኔ ራሴ በየቤቱ እየዞርኩ እነግራቸዋለሁ፣ ያውቁታል። "ግቢና ቆዪ" ስላት የምትመልስልኝን ልንገራችሁ። ልጆቹን ማን ያበላቸዋል? ከብቱን ማን ይሰበስባል? ባሌ አብሮኝ ቢመጣ የት ያድራል? እናቴ አብራኝ ትሁን ብትል ለእናትየው ፍራሽ የለም። ደግሞ ቀኑ አይታወቅም። የመጨረሻ የወር አበባዋን በበዓል ነው የምትቆጥረው፤ ከልደታ በኋላ፣ ከፍልሰታ በፊት ትላለች። አንድ ሳምንት ትቆያለሽ ተብላ ገብታ ወር ሲሆንባት ጥላ ትሄዳለች። ለጎረቤቶቿም ትነግራለች።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ወሊድ በነፃ ነው እንላለን። እውነት ነው፣ በነፃ ነው። አምቡላንሱም በነፃ ነው። ጀልባው ግን በገንዘብ ነው። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ዋጋው ይጨምራል፤ ነጂውም አይፈረድበትም፣ ቤንዚኑን ይገዛል፣ ሕይወቱንም አደጋ ላይ ይጥላል። ባልየው ገንዘብ ሊበደር ጎረቤት ሲዞር ሰዓቱ ይሄዳል። መዝገባችሁ ላይ "ዘግይታ መጣች" ተብሎ ይጻፋል። ለምን እንደዘገየች የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ መዝገብ ያለውን ምረጡ ያልከው ወንድሜ፣ ይህቺ ሴት መዝገብ ላይ የለችም።

በ1995 ዓ.ም. ይህ ፕሮግራም ሲጀመር ሁለት ሠራተኛ ለአንድ ጤና ኬላ፣ ለ5,000 ሰው ተብሎ ነው። እኛ ጋ ያ 5,000 ሰው በውኃና በጫካ የተከፋፈለ ነው። ይህንም የሚጠይቅልን ሰው ጠፍቷል። ስብሰባው ላይ እኛንም ጥሩን። ጠዋት ይሁን እንጂ፤ ከሰዓት ከሆነ መመለሻ አናገኝም።

የማስተርስ ተማሪ

እህቴ፣ የጀልባውን ዋጋ ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ስላነሣሽው አመሰግናለሁ። የግብረ መልሱን ጥናት ከተመረጠ እኔ ብወስደው ደስ ይለኛል፤ አማካሪዬንም አነጋግራለሁ።

ነጥብ ቆጣሪ

የታወቀ ዘዴ አለ ወይ ለተባለው ላክልበት። በሙያዬ ከቁጥር ጋር ነው የምውለው።

ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኢጎር ሩዳንና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት፣ በተለይ በሕፃናት ጤና ላይ ብዙ የተሠራበት ነጥብ አሰጣጥ አለ። በእያንዳንዱ የምርምር ጥያቄ ላይ አምስት ነገር ይጠየቃል። በጥናት ሊመለስ ይችላል? የሚገኘው መፍትሔ ውጤታማ ይሆናል? ለሕዝቡ ሊደርስ ይችላል? የሕመሙንና የሞቱን ሸክም ምን ያህል ይቀንሳል? ለሁሉም በእኩል ይደርሳል? ነጥብ ሰጪው ለብቻው ሆኖ ነው የሚመልሰው። አዎ ካለ 1፣ አይደለም ካለ 0፣ እርግጠኛ ካልሆነ 0.5። በቂ እውቀት የለኝም የሚል ባዶውን ይተወዋል። ከዚያ አማካዩ ይወሰዳል።

ለእናንተ የሚጠቅመው ለብቻ መሆኑ ነው። ድምፁ የጎላ ሰው ያሸንፋል ያልሽው እዚህ ላይ ይቆማል። የጽዳት ሠራተኛዋም የራሷን ትሰጣለች፤ ማንበብ ካልቻለች አንድ ሰው ጎን ቁጭ ብሎ ያንብብላት። የአንዱ ሰው ነጥብ ከሌላው ሰው ነጥብ አይበልጥም፤ የኃላፊውም ከማንም አይበልጥም።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ነጥቡ ጥሩ ጥያቄ ይመርጣል እንጂ ጥያቄ አይፈጥርም፤ ማዶ ያለችው እናት ያነሣችው ነገር ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ በነጥብ አይመጣም። ሌላው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጥብ የሰጠበትንና የተከፋፈሉበትን ለዩ። የተከፋፈላችሁበት ላይ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም። እኩልነት የሚለውን መስፈርት ደግሞ እናንተ ጋ ከሌሎቹ ከፍ አድርጋችሁ መዝኑት ብዬ እመክራለሁ። ሐይቅ ዳር ሆናችሁ የደሴቱ ሰው ከከተማው እኩል ቢቆጠር ከቁጥሩ ማነስ የተነሣ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል።

የጣና ዳሯ አዋላጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በተለይ ከማዶ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ከብቱ የነገርሽኝን በትላንትናው ዕለት ማቆያው ውስጥ ላለችው አንዲት እናት አነሣሁላት። ሳቀችና "ይህን ለማወቅ ነው እንዴ እስካሁን የቆያችሁት?" አለችኝ። ባሏ ውጭ ዛፍ ሥር ነው የሚያድረው። በየቀኑ በዚያ አልፋለሁ፤ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ነበር የሚመስለኝ።

እስካሁን የደረስኩበትን ልጻፍላችሁ፤ አርሙኝ። ሪፈር የሚለውን ሁለት አድርጌዋለሁ። አንዱ ከማዶ ለምትመጣ ወላድ የጀልባውን ወጪ አስቀድሞ የሚሸፍን አሠራር፣ ለምሳሌ ከማኅበረሰቡ መዋጮ ወይም ከጀልባ ማኅበሩ ጋር በሚደረግ ስምምነት፣ ቢሞከር ከቤት ተነሥታ እኛ ጋ እስክትደርስ ያለውን ሰዓት ያሳጥራል ወይ የሚል ነው። ሌላው የግብረ መልሱ ጉዳይ ነው፤ በስልክና በወረቀት የትኛው ይሠራል የሚል። ሦስተኛው ማቆያው ነው፦ ለአስታማሚ ማደሪያ ቢኖርና የመግቢያው ቀን በትክክል ቢገመት እናቶች ይቆያሉ ወይ? የመድኑንና የቢልሃርዚያውን ጥያቄ አልጣልኳቸውም። ነጥቡ ካነሣቸው ይነሣሉ። የእኔ የምወዳቸው ስለሆኑ ብቻ ሦስቱ እንዲያልፉ አልፈልግም።

ነጥብ መስጠቱን ማክሰኞ ጠዋት አድርገነዋል፤ ከማዶ ለሚመጡት ተብሎ ከሰዓት የነበረው ተቀይሯል። ነጥብ ሰጪዎቹ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛችን፣ ሁለት የወለዱ እናቶች፣ ማቆያ ገብታ ጥላ የሄደች አንዲት እናት ከተገኘች፣ እንዲሁም የጤና ኤክስቴንሽኖቹ አሉበት። የጎደለኝ አንድ ጀልባ ነጂ ነው። ጀልባ ነጂዎቹ ጠዋት ሥራ ላይ ናቸው፤ የሚቀርባቸውን ገቢ የምንተካበት በጀት ደግሞ የለንም። ከጀልባ ማኅበሩ ጋር የምትተዋወቁ ካላችሁ ከማክሰኞ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።